ለአሮጊቷ አዲስ ኮርቻ

ንፋስ መውጫ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁለት ባላንጣ አለው፤ ዳገትና ነፋስ። ዳገቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ቁልቁል ሲሆን ይተዋል። ነፋሱ ግን ሲወጡም ሲወርዱም ፊት ለፊት ነው። አንድ ነፋስ በሁለቱም አቅጣጫ ፊት ለፊት እንዴት ሊመጣ እንደሚችል የሚያስረዳኝ የፊዚክስ መምህር ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ያገኘኋቸው ሁሉ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው።

ባሕር ዳር ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ዘንባባ የተሰለፈበት፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት የሚመላለስበት ከተማ ነው። እዚያ ብስክሌት ሰው ይሸከማል። እዚህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ሰው ብስክሌት ይሸከማል። ንፋስ መውጫ ያለበት ጋይንት የፈረስና የበቅሎ አገር ነው፤ በቅርቡ ደግሞ ባጃጅ ተጨምሮበታል። በነዚህ መሀል ብስክሌት እየገፋ ዳገት የሚወጣ ሽማግሌ ሲታይ ሰው ዞር ብሎ ቢያይ አይፈረድበትም። ሽማግሌው አጎቴ ነው።

አጎቴ በወጣትነቱ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ጣልያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ የተተከለ ነው፤ አጎቴ ይህን ሲያወራ ካሣው ለሱ በግል የተከፈለ ያስመስለዋል። «ከካሣው ለእኔ የደረሰችኝ ይቺ ናት» እያለ የብስክሌቷን መሪ ይደባብሳል። ብስክሌቷ ግን የጣልያን አይደለችም፤ የእንግሊዝ ራሌይ ናት፤ የገዛትም ከደመወዙ ቆጥቦ ነው። ጥቁር ናት፣ ረዥም ናት፣ ጎማዋ ባለ 28 ኢንች ነው፣ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ይሳባል፣ ካቴናዋ ከዳር እስከ ዳር በላሜራ ሳጥን ተሸፍኗል። የካቴና ሽፋን ጋቢ ለሚለብስ ሰው ምን ማለት እንደሆነ፣ ጋቢው በካቴና ተነክሶበት ገበያ መሀል የቆመ ብቻ ነው የሚያውቀው። መሪዋ ወደ ነጂው የተቆለመመ ስለሆነ አጎቴ የሚቀመጥባት ችሎት ላይ እንደ ተሰየመ ዳኛ ቀጥ ብሎ ነው።

ጡረታ ሲወጣ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ይዟት መጣ። የመጣችበት ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የቻይና ሥራ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ሲገናኙ ከተገኘው ብድር ጋር የተያያዘ ነው፤ እሳቸው ግን ሲያልቅ ለማየት አልታደሉም፤ ያለቀው በደርግ ዘመን ነው። የዚህን መንገድ ዳገቶች ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከቻይና ሕዝብ የበለጠ ብስክሌት የሚነዳ አልነበረም። ያ ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ተራራ ፈልጦ፣ ብስክሌት የማይወጣው መንገድ ሠርቶልን ሄደ።

በእርግጥ ጋይንት ጎማ ሲቸገር ያየው በአጎቴ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋሪ አስጭነው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አስጎትተዋል። መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። መንገድ የሚባል ስላልነበረ እየቆፈሩና እየደለደሉ ነው የሄዱት፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። አጎቴ ዳገቱ ላይ ብስክሌቱን ሲገፋ ልጆች ከሳቁበት ቆም ብሎ ይህን ታሪክ ያስታውሳቸዋል። «ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ አገር ጎማ ያስወጡት ወርደው ነው» ይላቸዋል። ማሳረፊያም ይሆንለታል፤ ታሪኩ ረዥም ነው፣ ትንፋሹ አጭር ነው።

አሁን ወደ ኮርቻው ልምጣ። ብስክሌቷ ስትገዛ ይዛው የመጣችው ኮርቻ የቆዳ ነበር። እንዲህ ያለው ኮርቻ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ወፍራም የበሬ ቆዳ፣ ከኋላ በብረት ቅስት፣ ከፊት በአንድ ቡሎን ተወጥሮ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ሞላዎች አሉ። መጀመሪያ ሲቀመጡበት ሳንቃ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ግን የባለቤቱን የመቀመጫ አጥንት እየተማረ በልኩ ይሰረጉዳል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው አይሆንም። ሲላላ ቡሎኑን በቁልፍ ጠበቅ ያደርጉታል። ሲደርቅ ደግሞ ቅባት ይፈልጋል። እንግሊዞቹ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት በቆርቆሮ አሽገው ይሸጣሉ። አጎቴ ለቆዳ ከቅቤ የተሻለ መድኃኒት እንደሌለ ስለሚያምን በቅቤ ያሸው ነበር፤ ባሕር ዳር ሳለ ይህ እምነቱ አንድም ቀን አልጎዳውም።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ጅብ ግን የትም መሄድ አላስፈለገውም፤ አንድ ምሽት ከማድ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተወጥሮ፣ በቅቤ ታሽቶ የቀረበ ቁርበት አገኘ። ጠዋት ሲታይ ሞላው፣ ቅስቱና ቡሎኑ በቦታቸው አሉ፤ ቆዳው የለም። አጎቴን ከሁሉ የገረመው የንጽሕናው ነገር ነበር። «ሪቬቶቹን አንድ በአንድ ልሷቸዋል» ይላል፤ በድምፁ ውስጥ ከቁጭቱ ይልቅ አድናቆቱ ይሰማል።

ይህ ወሬ ዴንቨር ደረሰ። የአጎቴ ልጅ እዚያ ነው የምትኖረው፤ በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አዘነች፣ ቀጥሎ ካርዷን አውጥታ ገዛች። አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ኮርቻው መጣ። የዘመኑ ኮርቻ ነው፤ ጠባብ፣ ረዥም፣ ጥቁር፣ መሀሉ ከፊት እስከ ኋላ የተሰነጠቀ። ክብደቱ ሩብ ኪሎ ቢሆን ነው። አጎቴ በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ከፍ ዝቅ አደረገው። ጎረቤታችን ለቡና መጥተው ነበር፤ እሳቸውም አዩትና «ቀሪውስ መቼ ይደርሳል?» አሉ።

ጎሚስታው ዘንድ ይዘነው ሄድን። የድሮ ብስክሌትና የዘንድሮ ኮርቻ የሚጣሉት ላይ ላዩን አይደለም፤ ሥር ሥሩን ነው። የዘንድሮው ኮርቻ ከሆዱ በታች ሁለት ትይዩ ዘንጎች አሉት፤ ውፍረታቸው 7 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን ነክሶ የሚይዝ መንጋጋ ያስፈልጋል። በአዲስ ብስክሌት ላይ መንጋጋው ኮርቻውን ከሚሸከመው ቱቦ ራስ ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቶ ይመጣል። በአሮጌዋ ላይ ግን የቱቦው ራስ ቀጠን ያለ ልሙጥ ብረት ብቻ ነው፤ መንጋጋው የሚኖረው ከኮርቻው ጋር ነው። የብረቱ ውፍረት 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ምን ዓይነት ቁጥር ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ለእንግሊዞች ደህና ቁጥር ነው፤ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ማለት ነው። የጎሚስታው ቁልፎች ደግሞ ሁሉም በሚሊ ሜትር ናቸው። 13 ቁጥር ሲሞክር ዳዶው ይሾልካል፣ 12 ቁጥር ሲሞክር አይገባም። በመጨረሻ ሁለቱም አገሮች የሚስማሙበትን መሣሪያ አነሣ፤ መዶሻ።

ከጅብ የተረፈው የድሮው መንጋጋ ለምን አላገለገለም ቢባል፣ ባለ ሞላው ኮርቻ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ዘንግ ነበረው። መንጋጋው የተሠራው ለአራት ነው። ሁለት ሲሰጡት ግማሽ አፉ ባዶ ስለሚሆን አይነክስም። ጎሚስታው ተነሥቶ ከጀርባ ቤት የአንድ ልጅ የቻይና ብስክሌት አስከሬን አመጣና መንጋጋውን ፈታለት። በነገራችን ላይ የእንግሊዝን ሰባት ስምንተኛ ኢንች ቻይናም ሳትቀይር ተቀብላዋለች፤ ስለዚህ ገባ። ገባ እንጂ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ጎሚስታው የቢራ ጣሳ በመቀስ ቆርጦ ብረቱ ላይ ጠቀለለው። የጣሳ ቆርቆሮ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ አንድ ዙር ሲጠቀለል በዚህኛውም በዚያኛውም ጎን ስለሚገባ ክፍተቱን በሁለት አሥረኛ ያጠብባል። ይህን ሒሳብ ጎሚስታው በቃሉ አያውቀውም፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ሁለት ዙር አድርጎ ወዘወዘውና «አለቀ፣ ጋሼ» አለ።

አላለቀም። መንጋጋው ጥርስ አለው፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተናክሰው ነው ኮርቻው አፍንጫውን ሽቅብ እንዳያነሣ፣ ቁልቁልም እንዳይደፋ የሚያደርጉት። የዚህኛው ጥርሶች ግን የቀድሞው ባለቤት ልጅነቱን ሙሉ ሲዘልባቸው ኖሮ ዶልዱመዋል። አጎቴ እንደ ወጣ ኮርቻው ሰገደ። ጎሚስታው ቡሎኑን እስከ ጥግ አጠበቀና ቀጥ አደረገው። ቁመቱንም ለካን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ነጂው ተቀምጦ ተረከዙን ታች ያለው ፔዳል ላይ ሲያደርግ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ያኔ በእግር ጣቱ ሥር ሲነዳ ጉልበቱ በልኩ ይታጠፋል። አጎቴ ደንቡን ሰምቶ አልተቀበለውም። የሱ ደንብ ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት መርገጥ አለበት የሚል ነው፤ ምክንያቱም የጋይንት ውሻ ብስክሌት ሲያይ አባቱን የገደለ ሰው ያየ ይመስለዋል፤ ድንጋይ ለማንሣት ደግሞ መሬት ቅርብ መሆን አለበት። ክርክሩ የከተማው ሕዝብ በተሰበሰበበት በሱ ደንብ አለቀ።

የገበያ ቀን ነበርና ከተሰበሰበው መሀል አንድ የፈረስ ኮርቻ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአጎቴ እኩያና አብሮ አደግ ናቸው። አጥሩን ተደግፈው ሁሉንም ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። እስከዚያ ድረስ አስተያየት የሰጠው ሰው ሁሉ፣ ብስክሌት ነድቶ የማያውቀው ጨምሮ፣ ስለ ቡሎን ነበር የሚያወራው። እሳቸው ጠጋ አሉና ስለ መቀመጫው ጠየቁ።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ስንጥቅ ምንድን ነው?»

«አዲስ ሥራ ነው። አሜሪካኖች ያወጡት።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። «እኛም ኮርቻ ስንሠራ መሀሉን ክፍት እንተዋለን። የግራውና የቀኙ እንጨት አከርካሪው ላይ እንዳያርፍ ነው፤ ያለዚያ ፈረሱን ገጣባ ይይዘዋል። እነዚህ ክፍት የተዉት ግን ወደ ላይ ነው፤ ለሰውየው። ታዲያ የሚጫነው ማነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ብስክሌት ኮርቻ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልሰማሁም። ስንጥቁ በእርግጥም የተተወው ለሰውየው ነው። ጠባብ ኮርቻ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ሰዓት የሚነዳ ሰው፣ በመቀመጫው አጥንቶች መካከል የሚያልፉት የደም ሥሮችና ነርቮች ይጫኑበትና ይደነዝዛል። ሐኪሞቹና ሠሪዎቹ ተመካክረው መሀሉን ቀደዱት። ፈረስና ሰው ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

የብስክሌት ኮርቻ ነገር ከፈረስ ጋር የተቆራኘው ደግሞ በጋይንት ብቻ አይደለም። ጆን ቦልትቢ ብሩክስ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች 1866 በርሚንግሃም ውስጥ የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ ጀመረ። ታሪኩ እንደሚነገረው በ1878፣ ከመቅደላ ዘመቻ አሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ወደ ሥራ የሚመላለስበት ፈረሱ ሞተበት። ሌላ ፈረስ መግዣ ስላልነበረው ብስክሌት ተዋሰ። መቀመጫዋ ስላሠቃየው እንደ ሙያው ቆዳ ወጥሮ የተሻለ ሊሠራ ተነሣ፤ በ1882 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከጅቡ ሆድ የገባው የአጎቴ ኮርቻ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው። በሌላ አነጋገር የብስክሌትን ኮርቻ በወጉ እንዲያስቀምጥ ያደረገው የብስክሌት ሠሪ አይደለም፤ ፈረስ የሞተበት የፈረስ ዕቃ ነጋዴ ነው። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። «ሌላ ማን ያውቀዋል?» አሉ።

የሙከራው ጉዞ አጭር ነበር። አጎቴ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣና ቁልቁለቱን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ክብሩ እንደ ተጠበቀ ነበር። መሀል ላይ ነፋሱ ጋቢውን ሲነፋው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ የድሮው ኮርቻ ኋላው ሰፊ ስለነበር ይይዘው ነበር፣ ይኼ ግን የሚይዝበት የለውም። ከታች አንዲት በግ መንገድ አቋረጠች። የዘንጉን ፍሬን ጭብጥ ሲያደርግ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፤ ጥርስ አልባው መንጋጋ ለቀቀ፤ የኮርቻው አፍንጫ መሬት መሬት አየ። አጎቴ ተንሸራትቶ ሁለት እግሩን አንፈራጦ ቆመ። የኮርቻው ቁመት ለውሻ ተብሎ ዝቅ ባይል ኖሮ ነገሩ ለሳቅ አይሆንም ነበር። ሊወርድ ሲል ደግሞ ጠባቡ አፍንጫ ጋቢውን ወግቶ ያዘው። ብስክሌቷንና ጋቢውን አንድ ላይ እየጎተተ ተመለሰ።

ሽማግሌው በሩቁ አዩትና «ገጣባ ጀመረህ?» አሉት።

ጥፋቱ የኮርቻው አይደለም። ዴንቨር ያለችው ልጅ የላከችው ጥሩ ዕቃ ነው። ነገሩ የአቀማመጥ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል፤ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ በአከርካሪው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሰፊ ኮርቻና ሞላ ያስፈልገዋል፤ የድሮዎቹ ስፋታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጎንበስ ብሎ የሚነዳ ሰው ግን ክብደቱን ከእጁ፣ ከእግሩና ከመቀመጫው ያካፍለዋል፤ ጭኑም ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ ሰፊው ይፋቀዋል፤ ለሱ 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። እንዲህ ጎንበስ ብለው የሚነዱ እኛም አሉን፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሯት ብዙ ሰው ይዘነጋል። ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነው፤ ሮም ላይም ደግሞ ተወዳድሯል። ሮም ላይ ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ ጫማ በተረሳበት አገር ብስክሌት ማን ያስታውሳል? ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. የፈረንሳይን ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በጠባብ ኮርቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላሉ፤ ግን ሆዳቸው ከመሪው ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ነው። አሮጊቷ ራሌይ ላይ ያንን ኮርቻ የሚጭን ሰው፣ መሪዋንም ቆርጦ ካላዞረ፣ ግማሽ ተወዳዳሪ ግማሽ ዳኛ ነው የሚሆነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳሁት። እንዲያውም ጎንበስ ማለት ለንፋስ መውጫ ሳይሻል እንደማይቀር፣ ነፋሱን የሚያሸንፉት ዝቅ ብለው እንደሆነ፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ጋቢ ደርቦ ሲነዳ የጀልባ ሸራ እንደ ዘረጋ መሆኑን ነገርኩት። አሰበበት።

«በዕድሜዬ ያጎነበስኩት ለሹም ነው» አለ፤ «ለነፋስ የተረፈኝ ወገብ የለም።»

መፍትሔው የመጣው ከሽማግሌው ነው። የጅቡን ትራፊ፣ ማለትም ቅስቱን፣ ሞላዎቹንና ቡሎኑን፣ አምጡልኝ አሉ። ቤታቸው የተቀመጠ የበሬ ቆዳ ነበራቸው፤ ከጀርባው በኩል፣ ወፍራም ከሆነው ቦታ ቆረጡ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሲለሰልስ ብረቱ ላይ ወጠሩት፤ ጎኖቹን ወደ ታች እየጨቆኑ በጠፍር አሰሩትና ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ ተዉት። ፀሐይ ላይ ቢያደርቁት ይጨማደዳል፣ እሳት ዳር ቢያደርጉት ይሰነጠቃል፤ መታገሥ ነው። ጎሚስታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆራርጦ ሪቬት አበጀ። ሽማግሌው በወስፌ እየበሱ፣ እሱ እየቀጠቀጠ፣ ሁለት ሙያ አንድ አሮጌ ብረት ላይ ተደፍተው ዋሉ። በየመሀሉ አይስማሙም ነበር። ሽማግሌው የኋላውን ከፍ አድርገው እንደ ፈረስ ኮርቻ መደገፊያ ሊሠሩለት ፈለጉ፤ ጎሚስታው ሰውየው ሲወርድ እግሩን ወደ ኋላ አዙሮ ስለሆነ ይጠልፈዋል አለ። ሽማግሌው እርካብ እንኳ ይጨመርለት ብለው ነበር፤ ፔዳሉን ሲያሳዩአቸው ተዉት። ቡሎኑን ግን ወደዱት። ቆዳ ሲላላ በቁልፍ የሚጠበቅበትን ዘዴ ደጋግመው አዩትና «ይኼን ነው ከነሱ መውሰድ» አሉ። አሁን አንድ የፈረስ ኮርቻቸው ላይ ሊሞክሩት እያሰቡ ነው ይባላል፤ ፈረሱ ምን እንደሚል እናያለን።

የተሠራው ኮርቻ በመልኩ እንግሊዝ አይመስልም፤ ጋይንቴም አይመስልም። ሰፊ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ለመነሻው ሳንቃ ነው። አራቱ ዘንጎች ስላሉ የድሮው መንጋጋ ተመልሶ በሙሉ አፉ ነከሰው። አጎቴ አሁንም ቅቤውን አልተወም፤ ብስክሌቷን ግን ማታ ማታ ቤት ማስገባት ጀምሯል። ባለቤቱ «ነፍስ ያለው ፈረስ ውጭ ያድራል፣ ብረቱ ከእኛ ጋር ይተኛል» እያለች ትነጫነጫለች። የቅቤውን ወጪም በዓይነ ቁራኛ ነው የምትከታተለው።

አዲሱ ኮርቻስ? እሱን ጎሚስታው ጠየቀና ተሰጠው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ክብደቱን ከእጁና ከእግሩ እያካፈለ የሚሠራ ሰው ነው፤ ማለትም በንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ያ ኮርቻ በልኩ የተሠራለት ብቸኛ ሰው። አንድ የተጣለ ቸርኬ መሬት ላይ አስተኝቶ፣ መሀሉ ላይ ቱቦ አስበይዶ፣ ኮርቻውን ከላይ አሰረበት። ጥርስ አልባው መንጋጋ ወደ ፊት ዝቅ ማለቱም ተመቸው፤ ጎማው ያለው ወደዚያ ነው። የጀርባ ሕመሙ እንደ ቀነሰ ይናገራል። ባጃጅ ነጂዎች ጎማ ሊያስጠግኑ ሲመጡ አንዴ ተቀምጠው ካልሞከሩት አይሄዱም።

ልጅቷ ባለፈው ሰሞን ከዴንቨር ደወለች። አጎቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ነው የሚያናግራት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«አባዬ፣ የላክሁልህ ኮርቻ ተመቸ?»

አጎቴ ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እጅግ በጣም ተመችቷል እንጂ፣ ልጄ» አላት፤ «ከጠዋት እስከ ማታ የሚነሣበት የለም።»